የጣት መዝገብና የጆሮ ምስክርነት፦ በባለብዙ ቻናል የሚዲ ቀረጻ ላይ የቀረበ ሂስ

ለሙዚቃ ትምህርት መርጃ ሆነው ከሚቀርቡት ዘዴዎች መካከል በሲንተሳይዘር ኪቦርድ የተጫወቱትን በልዩ ልዩ ቻናሎች ከፋፍሎ መቅረጽና መልሶ ማሰማት አንዱ ነው። ዘዴው ወጪው አነስተኛ፣ አሠራሩም ቀልጣፋ በመሆኑ በመምህራን ዘንድ ተወዳጅነትን ማግኘቱ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ስለዚሁ ዘዴ የሚዘጋጁት መምሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀረጻው በየትኛው ቁልፍ እንደሚጀመርና በየትኛው እንደሚቆም ከማስረዳት አያልፉም፤ የሚቀረጸው ነገር በእርግጥ ምን እንደሆነ፣ ሳይቀረጽ የሚቀረውስ የትኛው እንደሆነ ሲመረምሩ አይታይም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መመርመር ነው። ጉዳዩ የመሣሪያ አያያዝ ብቻ ተደርጎ እንዳይገመት ከወዲሁ ማሳሰብ ይገባል። የአገራችንን ቅኝቶች በዚህ ዘዴ የሚያስተምር፣ ይልቁንም የሸመገሉ ተጫዋቾችን ሙያ በዚሁ ዘዴ ለተተኪው ትውልድ ለማቆየት የሚደክም መምህር፣ ሳይታወቀው ከቅኝቱም ከምቱም ላይ ሊሸርፍ ይችላልና።

ሚዲ በሙዚቃ መሣሪያ አምራቾች መካከል የተደረሰበት ስምምነት ነው። በጥር ወር 1983 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በተካሄደ የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርኢት ላይ፣ የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ሥራ የሆኑት ፕሮፌት 600 እና ጁፒተር 6 የተባሉት ሲንተሳይዘሮች በሽቦ ተያይዘው አንደኛው ሲመታ ሌላው አብሮ ሲሰማ ታየ። ለዚህ ውጤት ከፍተኛ ድርሻ የነበራቸው አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ2013 እ.ኤ.አ. የግራሚን የቴክኒክ ሽልማት ተቀብለዋል። መሣሪያ ባረጀ ቁጥር ደንቡም አብሮ በሚጣልበት በኤሌክትሮኒክስ ዓለም አንድ ስምምነት ከ40 ዓመት በላይ በሥራ ላይ መቆየቱ የአዘጋጆቹን ብልኅነት ይመሰክራል፤ ከዚህ በታች የሚሰነዘረውም ሂስ ይህን ብልኅነት ለመካድ የታሰበ አይደለም።

በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ነገር ድምፅ አለመሆኑን አጥብቆ መገንዘብ ያስፈልጋል። ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ሲመታ ሦስት ባይት ይላካል፤ የመጀመሪያው የድርጊቱን ዓይነትና ቻናሉን፣ ሁለተኛው የቁልፉን ቁጥር፣ ሦስተኛው ቁልፉ የወረደበትን ፍጥነት ይናገራል። ጣቱ ሲነሣም ሌላ መልእክት ይከተላል። የቁልፎቹ ቁጥር ከ0 እስከ 127 ሲሆን በፒያኖ መካከል የሚገኘው ዶ 60 ነው፤ ቻናሎቹም 16 ናቸው። በመቅረጫው ውስጥ የሚከማቸው ይኸው የመልእክት ዝርዝርና እያንዳንዱ መልእክት የደረሰበት ጊዜ ብቻ ነው። ስለሆነም በዚህ ዘዴ የተያዘው የተጫዋቹ ጣት የሠራው ሥራ እንጂ የተሰማው ሙዚቃ አይደለም።

ለዚህ ዓይነቱ መዝገብ እኛ ፈጽሞ እንግዶች አይደለንም። በትውፊት እንደሚነገረው በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁት የዜማ ምልክት በድጓው ንባብ ራስ ላይ ሲቀመጥ ድምፁን አይዝም፤ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያለ ዜማውን አስቀድሞ ለሚያውቀው ሰው የጉሮሮውን አካሄድ ያስታውሰዋል። ድምፁ ያለው በመሪጌታው ዘንድ ነው። በዚህ ረገድ ምልክቱና የሚዲው ዝርዝር ዘመዳሞች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ይሁን እንጂ ምልክቱን የሚያነበው ደቀ መዝሙር ዜማውን ከመምህሩ አፍ ለብዙ ዓመታት ያጠና ስለሆነ በጽሑፉ ላይ የጎደለውን ከራሱ ያሟላል። የሚዲውን ዝርዝር የሚያነበው መሣሪያ ግን የጎደለውን የሚያሟላው ፋብሪካው አስቀድሞ ባኖረለት ድምፅና ባኖረለት መቃኛ ነው።

ወደ ባለብዙ ቻናል አሠራር ስንመጣ ተማሪዎችን ዘወትር የሚያደናግር አንድ ነጥብ አለ፤ ይኸውም የቻናልና የትራክ ልዩነት ነው። ቻናል መልእክቱ ለየትኛው ድምፅ እንደታዘዘ የሚያመለክት አድራሻ ነው፤ ትራክ ደግሞ ቀራጩ ለራሱ አመቺነት ዝርዝሩን ለይቶ የሚያስቀምጥበት መደብ ነው። በአንድ ትራክ ላይ 16ቱም ቻናሎች ሊገኙ ይችላሉ። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚዲ ፋይል ደንብም ሁሉን በአንድ ትራክ የሚያከማቸውን ዓይነት 0 እና በየትራኩ የሚለየውን ዓይነት 1 ብሎ በመደንገግ ልዩነቱን አጽድቋል። ለማስተማሪያነት ሁለተኛው ይመረጣል። ኪቦርዱ ለሁለት ተከፍሎ የግራው እጅ ባሱን በቻናል 2፣ የቀኙ እጅ ዜማውን በቻናል 1 እንዲልክ ቢደረግ፣ ከበሮውም በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው ጄኔራል ሚዲ በተባለው ደንብ መሠረት በቻናል 10 ቢቀመጥ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሦስት ሰው የሚሠራውን ሊቀርጽ ይችላል። በዚህ ጊዜ የኪቦርዱ የውስጥ ድምፅ ከራሱ ቁልፎች መለያየት ይኖርበታል። አለዚያ ቁልፉ አንድ ጊዜ በቀጥታ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በመቅረጫው በኩል ዞሮ ስለሚያዝዘው እያንዳንዱ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ ይህን ያላወቀ ጀማሪም ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል።

የዘዴው ትምህርታዊ ጥቅም በእርግጥ ከፍተኛ ነው። ካሴት ሲዘገይ ድምፁም አብሮ ይወርዳል፤ የሚዲ ቀረጻ ግን ፍጥነቱ በእኩሌታ ቢቀነስ ከፍታው አይለወጥም። በባቲ ቅኝት የተዘጋጀ አንድ መልመጃ ባሱ፣ አጃቢውና ዜማው በየቻናላቸው ተለይተው ተቀርጸው ቢሰጡ፣ ተማሪው ዜማውን ዘግቶ ራሱ ይጫወተዋል፤ በማግስቱ ዜማውን ከፍቶ ባሱን ይዘጋል። ጣቱ የዘገየበትን ሥፍራ በዝርዝሩ ላይ በዓይኑ ሊያይ ይችላል። መምህሩም «እዚህ ላይ ፈጥነሃል» ብሎ በነገረው ጊዜ ክርክር አይነሣም። ስድስት ተማሪዎች ለአንድ ኪቦርድ ተራ በሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ቁልፉ የተመታበት ፍጥነት ከ1 እስከ 127 በሆነ ቁጥር ይመዝገብ እንጂ ቁጥሩ የሚወሰነው በኪቦርዱ አሠራር ጭምር ነው። በአንዱ ኪቦርድ 90 የሚያስመዘግብ አመታት በሌላው 70 ሊያስመዘግብ ይችላል። በመሆኑም ቁጥሩን ለተማሪ ማርክ መስጫ ለማድረግ የሚደረገው ሙከራ ሚዛኑ ሳይፈተሽ እህል እንደ መሸጥ ይቆጠራል።

ከሁሉ የከበደው ጉድለት በቅኝት ረገድ የሚታየው ነው። የቁልፍ ቁጥር የሚቆጥረው ኦክቴቭን በ12 እኩል የሚከፍለውን የፒያኖ መሰላል ነው፤ በ60 እና በ61 መካከል ቁጥር የለም። አንቺ ሆዬ በፒያኖ ቁልፍ ሲገለጽ ብዙውን ጊዜ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ተብሎ ይጻፋል። ይህ ጽሑፍ ለማስታወሻነት ይጠቅማል። ክራሩን በጆሮው የሚቃኝ ሰው ግን ከዶ እስከ ሬ ፍላት ያለውን ርቀት ከፒያኖው ሊያጠብበው ወይም ሊያሰፋው ይችላል፤ ከአንዱ ባለሙያ ወደ ሌላው፣ እንዲያውም በአንዱ ባለሙያ እጅ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ልዩነት ይኖራል። ማሲንቆውማ ጭራው አንድ፣ የጣት መርገጫ እንጨትም የሌለው በመሆኑ ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚሄደው በመዝለል ሳይሆን በመንሸራተት ነው። በዚያ መንሸራተት ውስጥ ያለው ነገር ለትዝታ ጌጥ ነው የሚሉ አሉ፤ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ዋናው አካል ነው።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ሙዚቀኞች ፒች ቤንድ የሚሉትን፣ በኪቦርዱ ግራ በኩል የሚገኘውን ማንሸራተቻ ማመልከት ነው። በእርግጥም የዚህ መልእክት ዝርዝርነት በደንቡ መሠረት 16,384 ደረጃ አለው፤ እንደተለመደው ወደ ላይና ወደ ታች ሁለት ሁለት ግማሽ ድምፅ እንዲያንሸራትት ቢደረግ ማንም ጆሮ ሊለየው የማይችለውን ጥቂት ልዩነት ሊጽፍ ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው፤ መልእክቱ የሚታዘዘው ለቻናሉ እንጂ ለአንዱ ድምፅ አይደለም። በቻናል 1 ላይ ዜማውን የምትጫወት ጣት ፋን በጥቂቱ ዝቅ ልታደርግ ብትፈልግ፣ በዚያው ቻናል ላይ ተይዞ የቆየው መነሻው ዶ አብሮ ይወርዳል። የክራር አጃቢና የማሲንቆ ዜማ በአንድ ቻናል ላይ በተቀረጹበት ሥራ ላይ ይህ ሲሆን ሲሰማ፣ ማሲንቆው ባለቀሰ ቁጥር ክራሩ የሚንገዳገድ ይመስላል። በዚህ የተማረረ ተጫዋች ማንሸራተቻውን ትቶ በቁልፎቹ ብቻ ይወሰናል፤ ቅኝቱም በዚያው ቀን ፒያኖ ይሆናል።

መድኃኒቱ ግን በደንቡ ውስጥ ከጥንቱ ነበረ። ሚዲ በመጀመሪያ ሲደነገግ ካስቀመጣቸው አራት የአቀባበል ሥርዓቶች አራተኛው ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ቻናል ይሰጣል። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው ካሲዮ ሲዜድ 101 የተባለው ትንሽ ኪቦርድ እንኳ በዚህ ሥርዓት አራት ድምፆችን በአራት ቻናል ለየብቻቸው ሊያሰማ ይችል ነበር። እንግዲህ የባለብዙ ቻናል ቀረጻ ዋና ጥቅሙ ባስን ከከበሮ ለመለየት ብቻ አይደለም፤ የሚንሸራተተውን ድምፅ ከማይንሸራተተው ለመለየትም ነው። በምዕራቡ ዓለም ይህን ዘዴ የጊታር ተጫዋቾች ተጠቅመውበታል፤ ስድስት ጅማት ስድስት ቻናል ይሆናልና። ለአምስትና ለስድስት አውታር ክራር የማይሆንበት ምክንያት የለም። 16ቱን ቻናሎች 16 ልዩ ልዩ የፋብሪካ ድምፅ ለመደርደር ከማዋል ይልቅ፣ ስድስቱን ለአንድ ክራር መስጠት በእኛ ዘንድ የበለጠ ትርጉም አለው።

አንዳንድ ኪቦርዶች፣ በተለይም ለዐረብ ሙዚቃ ታስበው የተሠሩት፣ 12ቱን የኦክቴቭ ድምፆች አንድ በአንድ ዝቅና ከፍ አድርጎ ለመቃኘት ያስችላሉ። ይህ መልካም ነው፤ አንቺ ሆዬንም እንደ ባለሙያው ጆሮ ለመቃኘት ይረዳል። ነገር ግን መቃኛው ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በኪቦርዱ እንጂ በተቀረጸው ፋይል ውስጥ አይደለም። ፋይሉ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተልኮ በሌላ ኪቦርድ ሲከፈት የቁልፍ ቁጥሮቹ ይደርሳሉ፤ ቅኝቱ ግን በላኪው ክፍል ቀርቷል።

ሁለተኛው ጉድለት ምትን ይመለከታል፤ ይህኛው ከመሣሪያው ይልቅ ከቀራጩ እጅ የሚመጣ ነው። ኳንታይዝ የተባለው የማስተካከያ ትእዛዝ እያንዳንዱን የጣት ምት በአቅራቢያው ወዳለው የመለኪያ መስመር ይስበዋል። መቅረጫው አንዱን ምት በ480 ከፍሎ የሚቆጥር ቢሆንና አንድ ተጫዋች በአንድ ምት ውስጥ ሦስት እኩል ድምፅ ቢመታ፣ ድምፆቹ በ0፣ በ160 እና በ320 ላይ ይወድቃሉ። ትእዛዙ ምቱን በአራት እንዲከፍል ተደርጎ ቢሰጥ፣ የ160ው ወደ 120፣ የ320ውም ወደ 360 ይሳባል። እኩል የነበሩት ሦስቱ ርቀቶች 120፣ 240፣ 120 ይሆናሉ። ጭክጭካን በዚህ ዓይነት «ያስተካከለ» ሰው የሚያገኘው ምት ከማንኛውም የአገራችን እስክስታ ጋር የማይገጥም ነው። ትእዛዙ በሦስት እንዲከፍል ቢደረግስ? ስሕተቱ ይቀንሳል፤ ይሁንና ከበሮ መቺው ከሦስቱ አንዱን በጥቂቱ አዘግይቶ ትከሻን የሚያነሣበት ያ ክብደት ይጠፋል። ከዚህም የባሰው፣ ብዙ ቀራጮች ካስተካከሉ በኋላ የመጀመሪያውን ዝርዝር ይሰርዙታል። ከዚያ በኋላ የባለሙያው እጅ የት ዘግይቶ የት እንደፈጠነ የሚጠይቅ ተማሪ የሚያገኘው መልስ የለም። ደቀ መዝሙር ከተስተካከለው ቢማር የሚማረው ከአስተካካዩ ነው።

በሽቦው ቀርፋፋነት ላይ የሚሰማው ስሞታ ግን ተጋንኗል። መልእክቱ በሰከንድ 31,250 ቢት ስለሚጓዝ አንድ ባይት 320 ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል፤ 16ቱ ቻናሎች በአንድ ቅጽበት አንድ አንድ ድምፅ ቢልኩ የመጨረሻው የሚደርሰው ከ15 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ገደማ ነው። ይህ ለጥንቁቅ ጆሮ ሊሰማ ቢችልም ኳንታይዝ ከሚያደርሰው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

መልሶ ማሰማትን በተመለከተ የጄኔራል ሚዲ ደንብ በ128 ቁጥር የተደረደሩ ድምፆችን ወስኗል። ዓላማው አንዱ ፋይል በየትም ቢከፈት ተቀራራቢ ሆኖ እንዲሰማ ነው። በዚህ ሰልፍ ውስጥ የህንድ ሲታር፣ የጃፓን ኮቶና ሻሚሴን፣ የአፍሪካ ካሊምባ፣ የስኮትላንድ ከረጢት ዋሽንት ሳይቀር ቦታ አግኝተዋል። ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና የሉም። ስለዚህ ክራር የሚፈልግ ቀራጭ ባንጆን፣ ማሲንቆ የሚፈልግ ቫዮሊንን ይጠራል፤ የበገናው ጅማት ነዘር እያለ የሚሰጠው ያ ድምፅ ደግሞ ምትክ እንኳ የለውም። አድማጩ ሕፃን ከሆነና ማሲንቆ በአካል ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ፣ በፋይሉ የሰማውን ማሲንቆ ብሎ ይይዘዋል። ለዚህ ማነጻጸሪያ የሚሆን አንድ ሥራ መጥቀስ ይቻላል። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሲሠራ አኮርድዮኑን፣ ኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶቹንና የሪትም መሣሪያውን ብቻውን ደርቦ ነበር። ድርብርቡ ግን በድምፅ ቀረጻ የተያዘ በመሆኑ፣ ሥራው በ2013 እ.ኤ.አ. ዳግም ሲታተም የአኮርድዮኑ ትንፋሽ ሳይለወጥ ደርሶናል። ያው ሥራ በቁልፍ ቁጥር ብቻ ተይዞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንሰማው ፋይሉ የተከፈተበትን መሣሪያ አኮርድዮን ነበር።

በቅርብ ጊዜ የተደረጉት ማሻሻያዎች ሳይጠቀሱ መታለፍ የለባቸውም። ኤም ፒ ኢ የተባለው ደንብ በ2018 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ቻናል የመስጠትን አሮጌ ዘዴ አንድ ወጥ ሥርዓት አበጅቶለታል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ሚዲ 2.0 ደግሞ 16 ቻናል ያላቸውን 16 ምድቦች ማለትም 256 ቻናሎችን ከመፍቀዱ በላይ፣ በአንድ ቻናል ውስጥ እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው እንዲንሸራተት ያስችላል። ከላይ የተዘረዘረው የቅኝት ችግር በደንብ ደረጃ በዚህ ተፈትቷል ማለት ይቻላል። በየትምህርት ቤቱ ያሉት ኪቦርዶች ግን የሚከተሉት በአብዛኛው የ1983ቱን ደንብ ነው፤ ይህ እውነት እስካለ ድረስ መምህሩ ሥራውን የሚያደራጀው በእጁ ባለው መሣሪያ ነው።

በመሆኑም አንድ የሸመገለ ባለሙያ በኪቦርድ ትዝታን ወይም አምባሰልን እንዲጫወት ተጠይቆ ሲቀረጽ፣ የሚዲው ዝርዝርና የድምፁ ቀረጻ በአንድ ጊዜ መያዝ ይኖርባቸዋል፤ አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናልና። የሚንሸራተተው ዜማ በራሱ ቻናል ይሁን። መነሻው ዝርዝር ሳይነካ ይቀመጥ፤ ማስተካከል የግድ ካስፈለገም በግልባጩ ላይ ይደረግ። ኪቦርዱ ልዩ መቃኛ ተሰጥቶት ከሆነ የ12ቱ ድምፆች ልክ በቁጥር ይጻፍ። የሚዲ ፋይል ለርእስ፣ ለተጫዋች ስምና ለማስታወሻ የሚሆን የጽሑፍ ቦታ አለው፤ ይህ ቦታ በቀራጮች ዘንድ ባዶ እየተተወ ስለሆነ «ትራክ 1»፣ «ትራክ 2» ተብለው የቀሩ ፋይሎች ማን እንደተጫወታቸው፣ በምን ቅኝት እንደሆኑ የሚናገር ሰው ሲታጣ ዋጋቸው አብሮ ይጠፋል። እዚህ ላይም አንድ እንቅፋት አለ። ቦታው ሲደነገግ የታሰበው ለላቲን ፊደል ስለነበረ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም በአንዱ መሣሪያ በደንብ ተነቦ በሌላው የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ይህ እስኪስተካከል ድረስ የተጫዋቹ ስም፣ የቅኝቱ ዓይነት፣ የቀረጻው ቀንና ቦታ በወረቀት ተጽፈው ከፋይሉ ጋር መቀመጥ አለባቸው።